ሙዋሊሙ ሳቢናና አምስተኛው ቀይ ምልክት

ሳቢና አፖንዲ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ያየ ሰው ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ብርጭቆዋን ይዛ እየዞረች ነው የምትጠጣው። በቅድስት ብላንዲና የግል ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር በመምህራን ክፍል የተመደበላት ወንበር ዛሬም አዲስ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ መቀመጫው እሾህ አለበት እንዴ?» ይሏታል ባልደረቦቿ። «ልጆቹ ሲረጉ እኔም እረጋለሁ» ትላቸዋለች። ልጆች ደግሞ መቼ ረግተው ያውቃሉ! እሷም ከመማሪያ ክፍል እስከ ጸሎት ቤት፣ ከጸሎት ቤት እስከ መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ ትውላለች።

ልጆቹ በስዋሂሊ «ሙዋሊሙ»፣ መምህርት፣ ይሏታል፤ ሥራዋ ልጆችን ሥነ ምግባር ማስያዝ ነው። ያደገችው ኡጌንያ ገጠር ውስጥ፣ አባቷ ጠጥቶ በሚገባበት፣ ማን መቼ እንደሚመታ በማይታወቅበት ቤት ነው። መነኮሳቱ ወስደው ሲያስተምሯት ለመጀመሪያ ጊዜ በደወል መኖርን አየች። ደወሉ ሲደወል ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል፤ ማንም በድንገት ተነስቶ አይጮኽብህም። ለሷ ሥርዓት ማለት ፍቅር ማለት ነው። ክፋት የላትም፤ ይኼን ቀድሜ ልናገርላት።

ሥርዓቷ የሰፈረው በአንድ መዝገብ ላይ ነው። ያጠፋ ልጅ ስሙ ፊት ቀይ ምልክት ይደረግበታል፣ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀትም ወደ ቤት ይላካል። አምስት የሞላበት ልጅ በሚቀጥለው ተርም አይመለስም፤ አለቀ። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ጃሲንታ ይኼን መዝገብ በጣም ነው የሚወዱት። ከጥር ጀምሮ ሳቢናን ምክትላቸው እንደሚያደርጓትም ነግረዋታል።

በዚያ ዓመት መዝገቡን የሞላችው የሦስተኛ ክፍሏ ፌሊስታ አኬሎ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ባርናባ ኦጎላ ዱንጋ፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይጠግናል። በሁለት ተርም አራት ቀይ ምልክት! አንዱ፣ ሳቢና ከኋላዋ ሦስት ጊዜ ብትጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በመሄዷ ነው። ሌላው፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያዘዘውን ባለመታዘዟ። የቀሩት ሁለቱ ግን የባሱ ናቸው፤ በጸሎት በመቀለድ።

ጸሎቱ የእኩለ ቀኑ የመልአኩ ብሥራት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ስድስት መቶ ልጅ ባለበት ይቆማል። የሚጫወተው ኳሱን ትቶ፣ ውሃ የሚጠጣው ቧንቧውን ዘግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል። ፌሊስታ ብቻ ትዞራለች። ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ከሥር ፊታቸውን ታያለች። ልጆቹ ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ ሳቢና ሳቁን ሰምታ ቀና ስትል ደሟ ይፈላል።

«በእመቤታችን ትቀልጃለሽ?» አለቻት አንድ ቀን፣ በትከሻዋ ይዛ ወደ ራሷ እያዞረቻት።

«አልቀልድም፣ ሙዋሊሙ።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ አንቺ ምን ያዞርሻል?»

ልጅቷ የሳቢናን አፍ ትኩር ብላ እያየች ቆየች። «ልጸልይ ነው።»

«እየዞሩ ጸሎት! አዲሱን ሥርዓት ያወጣሽው አንቺ ነሽ? ለጳጳሱ እንንገርልሽ?»

አራተኛው ምልክት የተጻፈው ያን ቀን ነው። አንድ ብቻ ቀረ፤ ሳቢናም ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። «ሕግ ሕግ ነው» ትላለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ማንዳዚ የሚባለውን ጥብስ ዳቦ ገዝታ ሁለቴ ሳትነክሰው ኪሷ ውስጥ ታደርቀዋለች። «ጌታዬ፣ ይቺን ልጅ ዛሬ ብቻ አርጋልኝ» ብላ የጸለየችበትም ቀን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደወሉ ሲደወል ሳቢና በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን አልደፋችም። እስክሪብቶዋን ይዛ ፌሊስታን ጠበቀቻት። ልጅቷም እንደ ልማዷ ሄደች። አንዲት ልጅ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ቀና ብላ አፏን አፏን ማየት ጀመረች፤ የራሷም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ያቺኛዋ አንገቷን ይበልጥ ስትደፋ ፌሊስታ ደንገጥ አለች፤ ወደ ሌላዋ ሮጠች፣ እዚያም ጥቂት ቃል አገኘች፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛዋ። እንዴ! ይቺ ልጅ ጸሎቱን ከሰው አፍ ላይ እየለቀመች ነው!

ሳቢና ክው አለች። «አሜን» እስኪባል ጠብቃ ከልጅቷ ኋላ ሄደችና አጨበጨበች። ምንም። በስሟ ጠራቻት። ምንም። አሁንስ ጮኸች፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ አያት። ፌሊስታ አጎንብሳ የጫማዋን ክር ታስር ነበር።

«አይሰማትም!» አለች ሳቢና። «የፈጣሪ ያለህ፣ አይሰማትም እኮ!»

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ሲስተር ጃሲንታ ቢሮ ሮጠች። በኮሪደር መሮጥ ክልክል ነው ብላ ስንቱን የቀጣች ሴት ራሷ ስትሮጥ ያዩ ልጆች አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እሷ እቴ! ደስታው አላስቆም ብሏታል፤ ፌሊስታ ዳነች ብላ ነው፣ ምስኪን።

ሲስተር ጃሲንታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከወረቀት ጋር ብዙ ኖረዋል። ሁሉንም ሰምተው የፌሊስታን የመግቢያ ቅጽ ከመሳቢያ አወጡ።

«የመስማት ችግር የለባትም ይላል እዚህ። አባትየው ፈርሟል።»

«ቢልስ፣ ሲስተር?»

«ዋሽቷል ማለት ነዋ! ዋሽቶ ያስገባ ወላጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ምልክት መቁጠርም አያስፈልገንም። ደግሞስ ለማይሰማ ልጅ የሚሆን አስተማሪ አለን?»

«ፊቷን እያዩ ካናገሯት እኮ ትማራለች! በሒሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ ናት!»

«ነገ አባትየውን ጥሪልኝ» አሉና ቅጹን ገፋ አደረጉላት።

ሳቢና ቅጹን አየችው። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

የምዝገባው ቀን ትዝ አላት። ባርናባ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምትሞላለት እሷ ናት። የሰውየው ስዋሂሊ የገበያ ነው። ከባድ ነገር ሲመጣበት በሉኦ ቋንቋ፣ «ልጄን ሲያናግሯት እባክዎ...» ብሎ ገና ሲጀምር አቋረጠችው። በግቢው ውስጥ የእናት ቋንቋ ክልክል ነው፤ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ጣውላ አንጠልጥሎ ይውላል። ሕግ አስከባሪዋ ለወላጅ ስትል ልታላላ? «እዚህ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ነው፣ ባባ ፌሊስታ» አለችው፣ ራሷ ሉኦ ሆና። ሰውየው ቃል ፈለገ፣ አጣ፣ ዝም አለ። ልጅቷ ፊት ፊቷን እያየች የተጠየቀችውን ሁሉ ጥርት አድርጋ መለሰች። ሳቢናም «የለም» ብላ ጻፈች፤ ሰውየው የማያነበው ወረቀት ላይ ፈረመ።

«ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ለሲስተር። «ሊነግረኝ ነበር። አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ተነስተው በሩን ዘጉ። «የምትይውን ታውቂዋለሽ? ይኼ ነገር ሀገረ ስብከቱ ጆሮ ከገባ ምክትልነቱን እርሺው። ሰውየው አያነብም፤ አንቺም ዝም በይ። ልጅቷም የራሷ ዓይነት ልጆች ያሉበት ብትሄድ ይሻላታል።»

ሳቢና ቢሮውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። ምክትልነቱን እንደምትፈልገው አልደብቅም፤ የኡጌንያ ሰዎች ሊሰሙላት የቋመጠችለት ሹመት ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱን ስትዞረው ዋለች፤ አንድም ልጅ አልገሠጸችም።

አርብ ጠዋት ባርናባ ከተቀጠረበት ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ከቢሮው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እጁ ላይ የጀልባ ሬንጅ አለ። ጎኑ ተቀመጠችና በሉኦ አናገረችው። የሚያልፉ ሁለት ልጆች ሰምተው ደንግጠው ተያዩ።

«ባባ ፌሊስታ፣ ልጅዎ አይሰማትም።»

ሰውየው አልደነገጠም። «በስድስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛትና ነው።»

«ታዲያ ምነው ተመልሰው መጥተው ቢነግሩኝ? አንድ ሰው ይዘው ቢመጡ?»

«የኡጌንያ ሰው ነዎት ለካ፤ አነጋገርዎ ያስታውቃል» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ሁለት ትምህርት ቤት ነግሬ፣ ሁለቱም መለሱኝ። እርስዎ ሲያቋርጡኝ ፈጣሪ ዝም በል ያለኝ መሰለኝ። ዝም ካልኩ ልጄ ትማራለች አልኩ፤ ዝም አልኩ።»

«አራት ወረቀት ላኩብዎት እኮ!»

«ፈረምኩ። በየወረቀቱም ገረፍኳት።»

«ምን አሉ?»

«መዳፏን። ጥፋት አይደለም ካልኩ ምክንያቱን ልነግራችሁ ነው። ስለዚህ ጥፋት ነው አልኳት።» ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «ለምን እንደምመታት እስከ ዛሬ አታውቅም።»

ሳቢና ራሷ በልጅነቷ የሸሸችውን ቤት በፊርማዋ ሠርታ ለዚህች ልጅ ልካላታለች። ተነስታ ሳታንኳኳ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ፣ ቆማ ጻፈች፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አባትየው እውነቱን ሊነግረኝ ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። ፈረመችና ሲስተር ፊት አኖረችው።

«ለሀገረ ስብከቱ ይላኩት። ስሕተቱ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ልጅቷን ማስወጣት አይችሉም።»

ሲስተር ጃሲንታ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። «ምክትልነቱስ?»

«ለሚሰማ ሰው ይስጡት።»

ሲስተር ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ባርናባን አስገቡት፤ ፌሊስታ እንደምትቆይ፣ አራቱም ምልክቶች እንደሚሰረዙ በራሳቸው አፍ ነገሩት። ሰውየው ሲያለቅስ ሳቢና ማየት አልቻለችም። ልጅቷን ፍለጋ ወጣች።

ፌሊስታ ሦስተኛ ክፍል በር ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ሳቢና ፊቷ እንዲታያት ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። «ፌሊስታ» አለች ቃሉን በቀስታ እያወጣች፣ «ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ የሳቢናን ከንፈር አየች፣ የቀላውን ዓይኗን አየች። ትልቅ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ደብተሯን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

ሳቢና «አልመታሽም፣ የኔ ልጅ፣ አልመታሽም» አለቻት፣ ደጋግማ አለቻት። ልጅቷ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር።