ባለ አምስት ጎኑ መፍቻ

ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ታዲያ ማጠራቀሚያው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ከሱ ዝቅ ብለው ያሉት ቪላዎች አትክልታቸውን ቀን ከሌት ሲያጠጡ፣ ከሁሉም ሥር ያለው ሰፈር ቧንቧ የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው? ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ቧንቧ» የሚላትን ሴት እንቅልፍ የነሳት ይህ ጥያቄ ነበር።

የቧንቧ ሠራተኝነቱን ሙያ የወረሰችው ለቅኝ ገዢዎቹ የቧንቧ ቦይ ሲቆፍር ኖሮ ከሞተው አባቷ ነው። እናቷ ደግሞ የጌቶቹን ልብስ በቪላዎቹ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጥባለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ ልትወጣ ስትል፣ ዘበኛው በሩ ላይ ይደፋባት ነበር። ትንሹ ልጇ የወንዝ ውሃ ጠጥቶ በሦስት ቀን ሲያልቅ፣ ባልዲዋ የተደፋበት አፈር ገና አልደረቀም ነበር።

ገዢዎቹ ከሄዱ ቆዩ። ቪላዎቹን የአገሬው ባለሥልጣናት ወረሷቸው፤ ከነውሃቸው።

ወይዘሮ ቧንቧ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ነበር። ኃላፊው ፈገግ አለ። «እትዬ፣ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ውሃው እናንተ ጋ እስኪደርስ ይደክመዋል።»

«ይደክመዋል? አህያ ነው እንዴ?»

ከዚያ መለካት ጀመረች፤ ዘዴዋም ሲያዩት እንዴት ደስ ይላል! ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካንና የእጅ ሰዓቷን ይዛ በየቧንቧው ቆመች። ቪላዎቹ በር ላይ ካለው የዘበኛ ቧንቧ ጄሪካኑ በአንድ ደቂቃ ሞላ። ሠላሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ሰፈሩ በሚጀምርበት በጫማ ሰፊው ደጅ ላይ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ውሃ በሠላሳ እርምጃ እንዲህ አይደክመውም። ያነቀው ነገር አለ።

«እማዬ፣ ከቪላዎቹ በር ሥር ምን አለ?»

«ጉድጓድ። አባትሽ ነው የቆፈረው። መሐንዲሱ ሁለቱን የውሃ መዝጊያዎች ሲገጥም ዞር በል አለው። ሲጨርስ መፍቻውን ኪሱ ከተተና ‹አፈር መልስበት› አለው።»

«አባዬስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? መለሰበት።»

የዘበኛውን ቧንቧ ልጠግን ብላ ቆፈረች። ትልቁ ቧንቧ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቪላዎቹ የሚሄደው መዝጊያ ዘንጉ ሽቅብ ወጥቷል፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው። የሰፈሩ ዘንግ ግን ጣት ታህል እስኪቀረው ድረስ ሰምጧል። የሁለቱም መዝጊያዎች ራስ ባለ አምስት ጎን ነው። እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ! ተራ መፍቻ የሚይዘው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ጎኖችን ነው፤ አምስት ጎን ባለው ነገር ላይ ግን ከእያንዳንዱ ጎን ትይዩ የሚቆመው ማዕዘን ነው። መፍቻው ይንሸራተታል። ትክክለኛው መፍቻ ከመሐንዲሱ ጋር ባሕር ተሻግሯል።

ለኃላፊው ነገረችው። እሱ ራሱ የሚኖረው ሦስተኛው ቪላ ውስጥ ነው። ያን ቀን «እትዬ» ቀረ።

«በቀድሞው ደንብ የተሠራ ነው፤ ደንቡም አልተሻረም። አፈር መልሺበት።»

እስከዚያች ቀን ድረስ የሰፈሯን መዝጊያ ልትከፍት ብቻ ነበር የምትፈልገው። ከዚያ ወዲህ የነሱንም ልትዘጋው ፈለገች።

«ለስንት ቀን?» ስትል እናቷን ጠየቀቻት።

«አሥራ አንድ ዓመት አጥቤያለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ይበቃኛል። ጨካኝ አይደለሁም።»

«ሕፃናት አሉ እኮ፣ እማዬ።»

«የኔም ሕፃን ነበር። ባልዲያቸውን ይዘው እኛ ደጅ ይምጡና ይቅዱ።» አሮጊቷ ትንሽ አሰበች። «የኃላፊውን የመጀመሪያ ባልዲ ግን እኔ ነኝ የምደፋው።»

አፈሩን ከመመለሷ በፊት የመዝጊያውን ራስ ቅርጽ በልብስ ሳሙና ላይ አትማ ወስዳለች። ሁለት መፍቻ ሠርታ ሁለቱም ተሰነጠቁባት። አሁን ሦስተኛው ብረት ሞርሳ ላይ ታስሯል። አራቱ ጎኖች ልክክ ብለዋል፤ አምስተኛው ፀጉር ታህል ይቀረዋል። ትሞርዳለች፣ በሳሙናው ላይ ትለካለች፣ መልሳ ትሞርዳለች። እናቷ ደጃፉ ላይ ዱካ ስባ ተቀምጣ፣ አቀበቱን እያየች ትጠብቃለች።