ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሰርዲን

ዶና ቬኔራ በጣሊያኗ ፓሌርሞ ከተማ፣ ካፖ በተባለው የገበያ ሰፈር ሰባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ ያረጁ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርብን አርብ የሚያሰኝላቸው በገዛ መጥበሻቸው የጠበሱት ሰርዲን ዓሣ ነው።

አንድ አርብ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ዓሣ ሻጩ ጋስፓሬ ዘንድ ሄዱ።

«ግማሽ ኪሎ መዝንልኝ።»

«ጥብሱ ነው ያለው፣ ዶና ቬኔራ። ሎሚ ጨምቄ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ልስጥዎት?»

«ቤቴ እሳት ጠፋ አሉህ? ጥሬውን አምጣ!»

«ጥሬውማ ለጎብኚዎች ሊጠበስ ነው። ዛሬ ጥሬ የሚገዛ ማን አለ?»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? የግድግዳ ሥዕል?»

ጋስፓሬ አልዋሸም። አከራዮች ቤቱን ሁሉ የእንግዳ ማደሪያ ስላደረጉት የሰፈሩ ሰው ተነቅሎ አልቋል። ሽንኩርት የሚሸጥበት ሱቅ እንኳ ቢራ ቤት ሆኗል።

ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ቢመለሱ በራቸው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ስምንት ጀርመኖች የጋስፓሬን ጥብስ ሰርዲን ይበላሉ። አስጎብኚያቸው ሎሬዳና ናት፤ ያደገችው ከዶና ቬኔራ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ አከራዩ ከእናቷ ጋር አስወጥቷታል።

«ከደጄ ተነሱ! እሾኹ ጉሮሯችሁ ላይ ይሰንቀር!» ብለው ጮኹ።

ሎሬዳና ተረጎመች። ጀርመኖቹ አጨበጨቡ።

«አንቺ፣ ምን ብለሻቸው ነው የሚያጨበጭቡት?»

«‹እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እሾኹን እያያችሁ ብሉ› ብለዋል አልኳቸው።»

«እኔ?»

«እሾህ አላሉም እንዴ? ምን ላድርግ ዶና ቬኔራ፣ እኔም እንጀራዬ ነው።»

በሳምንቱ «የሰፈሩ እናት ምርቃት» የጉብኝቱ ማሳረጊያ ሆነ። ዶና ቬኔራ በተሳደቡ ቁጥር ጭብጨባው ደመቀ። ስድባቸው ዋጋ ሲያጣ ጊዜ፣ ወንበር ስበው ከእንግዶቹ መሐል ተቀመጡና አንዱን ሳህን ወደ ራሳቸው ጎትተው ይበሉ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሎሬዳና በሹክሹክታ።

«ደጄ ላይ የቀረበ ማዕድ የኔ ነው።» አንድ ጉርሻ አኘኩ፤ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይሄ ዘይት እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ ነው እንዴ የሚጠበስበት? ይህን ደግሞ ሳትቀባቢ ንገሪያቸው!»

ሎሬዳና አየቻቸው። እናቷ ታወሰቻት መሰል፣ የተባለውን እንዳለ ተናገረች። እንግዶቹ ሁሉ ሳህናቸውን ገፉ።

ከሰዓት በኋላ ጋስፓሬ ራሱ በር አንኳኳ፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሰርዲን ይዟል።

«በየአርቡ አስቀምጥልዎታለሁ። ስለ ዘይቱ ብቻ አፍዎን ይያዙልኝ። ደግሞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይምጡ።»

«ለምን አራት ሰዓት?»

«ጎብኚዎቹ የሰፈር ሰው ዓሣ ሲገዛ ማየት ይፈልጋሉ።»

ሊሰድቡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰርዲኑን አዩ፤ ዘጉት።

በቀጣዩ አርብ ልክ በሰዓቱ ደረሱ። ጋስፓሬ መዘነ፣ ፎቶ ሊያነሣ ሠላሳ ስልክ ተዘረጋ፣ ጭብጨባው አስተጋባ። ዶና ቬኔራ ሳያስቡት እጅ ነሡ። ቤታቸው ገብተው ዓሣውን ሲያጸዱ እስኪጨርሱ ድረስ ራሳቸውን ሲረግሙ ዋሉ።