ወደ ኮምቦልቻ የወረዱት

ደሴ ላይ ልቡ የታመመ ሰው ቆላ ውረድ ይባላል። ሐኪሙም ይላል፣ ጎረቤቱም ይላል። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷም ትንፋሽ ያሳጥራል። ኮምቦልቻ ግን ቁልቁለቱን እንደጨረሱ ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት አላት። ስለዚህ ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ፣ የሌለው ክፍል ተከራይቶ ይወርዳል።

እህቴም ልትወርድ ነበር። አክስታችን እዚያ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃት ነበር። ኢዱን አብረን እንዋልና ትወርዳለች ያለችው እናቴ ናት። ረመዳን ሳይወጣ እህቴ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ የሚኒባስ ረዳት “ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ” እያለ ሲጣራ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። ሊያጽናናት የሚመጣውን ሁሉ እኔ ነኝ ያስቀረኋት እያለች ትመልሰዋለች።

በቅርቡ አንዲት ሐኪም ለማስተርሷ የልብ ሕሙማንን ካርድ ስታጠና መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባላት ሰው ፈለገች። ግጥም ከመጻፍ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ገባሁ። ሰርቫይቫል አናሊሲስ ይሉታል፤ ሰው ሕክምና ከጀመረ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደኖረ፣ ዕድሜውን ያስረዘመውም ምን እንደሆነ ይፈተሽበታል። የእኛ ጥያቄ ኮምቦልቻ ነበር። ወርዷል ወይስ አልወረደም? ስም አናስገባም፣ የካርድ ቁጥር ብቻ። የእህቴን ቁጥር ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። እንደማንም አስገባኋት፤ አልወረደችም።

ሶፍትዌሩ ውጤቱን ሲያወጣ የወረዱት እጅግ ረጅም ጊዜ ኖረው ተገኙ። ግራፉ ላይ ደሴ የቀሩትን የሚያሳየው መስመር ገና ከመነሻው ቁልቁል ይወርዳል። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እውነቷን ነበር ማለት ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሐኪሟ በራሷ እየሳቀች መጣች። አማካሪዋ በስልክ ሲቆጣት ቆይቶ ነበር።

“ና እስቲ ገጣሚው፣ ጉድ ሠርተናል” አለችኝ። “የወረደው ሰው እስኪወርድ ድረስ ደሴ ኖሯል እኮ። ያንን ጊዜ ሁሉ ለኮምቦልቻ ሰጥተነዋል። ቶሎ የሞተው ደግሞ ለመውረድ ጊዜ መቼ አገኘና? አልወረደም ብለን ጻፍንበት።”

መውረድ ሰው ከመጀመሪያው ይዞት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ መሃል ላይ የሚለወጥ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን እንዲያውቅ የወረደ ሰው ሁሉ ሠንጠረዡ ላይ ሁለት መስመር ያስፈልገዋል፤ አንዱ እስኪወርድ ደሴ የኖረበት፣ ሌላው ከወረደ በኋላ ያለው። ቁጭ ብዬ የሰውን ዕድሜ እንደ ስንኝ ከመሃሉ እየሰበርኩ ዋልኩ። እህቴ ጋ ስደርስ የሚሰበር አልነበረም። አንድ መስመር ናት፣ እሷም አጭር።

እንደገና ስናሠራው ልዩነቱ ጠፋ። በእኛ ካርዶች ላይ መውረድ የማንንም ዕድሜ አላስረዘመም።

ሰኞ ገበያን በሰው መሃል እየተጋፋሁ አልፌ ቤት ደረስኩ። እናቴ ድንች ትልጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ መስመሩንም ስህተቱንም ትቼ፣ የደረስንበትን ብቻ ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ።

“ብትወርድም ትሞት ነበር ነው የምትለኝ?”

“ያንቺ ጥፋት አይደለም ነው የምልሽ፣ እማ።”

ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሌላ ሰው የሞተባት ያህል ፊቷ ባዶ ሆነ።

“ወላሂ ብወስዳት ትድን ነበር” አለች ቀስ ብላ። “የምትድንበት ቦታ ነበራት። እሱን እንኳ አትንጠቀኝ፣ ልጄ።”

ቀና ሳትል፣ ከወረዱት ውስጥ እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉ አሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

“አሉ፣ እማ።”

“አየህ” አለችና ሌላ ድንች አነሳች።