ለሐኪሙ ያልነገርኩት ክኒን

ሚስቴ ተደብቃ የወሊድ መከላከያ ክኒን እየዋጠች «እግዜር ልጅ ነሳን» ብላ አብራኝ ታለቅስ ነበር። የሷ በደል ይኸው ነው። የኔን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ጽሑፌ ቢጎረብጥህ ቻለው።

የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ፍራሽ ስር አገኘሁት። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ጊዮርጊስ አጠገብ ያለች መድኃኒት ቤት ወስጄ ጠየቅኩ።

«የወሊድ መከላከያ ነው። የማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«የእህቴ።»

«አይ ጋሼ፣ እዚህ የሚመጣውን ወንድ ሁሉ እህቱ ናት የምትልከው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «አንዳንዷን ሴት ጉበቷን ይነካታል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሰውነቷን ካሳከካት፣ ቶሎ ሐኪም ትይ በላት።»

ሰማሁ። ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ራሷ ትናገር ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቴን ብዙነሽን ማሳከክ ጀመራት። መዳፏን በማበጠሪያ ትፍቅ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ ጠቆረ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ እያወቅኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲላት ዞራ አየችኝና «የለም» አለች። እኔስ? አፍ አልነበረኝም? ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ፈርታኝ እንደዋሸች አላወቅኩም? አውቄያለሁ። ደስም ብሎኛል። ቤት ተመልሳ ጓዳ ገባች፤ ክኒኑን ስትውጥ እየሰማኋት ዝም አልኩ።

መቆም ሲያቅታት ለታላቅ እህቷ ተናገረች። እህቷ ሐኪሙ ጋ መልሳ ወሰደቻት፤ ክኒኑን አስቆሟት፤ ቀስ በቀስ ዳነች።

እኔ ግን «ዘሬን አስቀረችው» ብዬ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ከኔ መውለድ ለምን እንደፈራች ማንም አልጠየቃትም። እመታት ነበር። ገና ከበሽታዋ ሳታገግም ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ እግሬ ላይ ወደቀች። አንዱ ሽማግሌ «አንተስ፣ የበደልካት የለም ወይ?» አሉኝ።

«እኔ ምን በድዬ!» አልኩ።

ድንጋዩን ከአንገቷ አወረድኩና «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። እኔ! መረቁኝ። ትልቅ ሰው ነህ አሉኝ።

ዛሬም አብረን ነን፤ ያኔ እያወቅኩ እንደነበር አልነገርኳትም። አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም፣ የበደልኩት አንተን አይደለም። ሰፈርተኛው ነገሩ አለቀ ያለው ድንጋዩን ያወረድኩላት ዕለት ነው፤ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግስት።