ጥላ የሚከተለው ማጣሪያ

ባለቤቴ አናጺ ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ የሠራውን ቫርኒሽ እቀባለሁ። ባጃጅ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ገና መታየት በጀመረበት ሰሞን ባለቤቴን ሳል ያዘው። ጤና ጣቢያ ይዤው ብሄድ፣ «ሳንባህን ሰጋቱራው ጎድቶታል፤ ወይ ከአቧራው ራቅ፣ ወይ ሙያህን ቀይር» አሉት። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ሽንኩርት ልትከል?» አለኝ። ሰውዬው እንኳን ሽንኩርት ሊያበቅል፣ ደጃችን ያለችውን ጤና አዳም ውኃ ማጠጣት ረስቶ ያደረቀ ነው። ሳቅሁበት፤ ግን ፈርቼ ነበር። ከእንጨት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ፣ ከአንድ የተዘጋ እንጨት ቤት ያገኘውን የአየር ማጣሪያ በአውቶቡስ ጫነልን። ትልቅ ሣጥን ነው፤ በአንድ በኩል በወፍራም ጨርቅ አቧራውን ይስባል፣ በሌላው በኩል ቬንትሌተሩ ንጹሕ አየር ይተፋል። እዚያ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ነበር አሉ። የሮቢት አናጺ ግን ከረፋድ በኋላ ቤት ውስጥ አይሠራም። ቆርቆሮው ሲግል ጠረጴዛውን ተሸክሞ ይወጣና ከጥላ ጋር ሲዞር ይውላል፤ ረፋድ ላይ ግድግዳ ሥር፣ ቀትር ላይ ኒም ዛፉ ሥር፣ ከዚያ ጎረቤት አጥር ሥር። ማጣሪያው ቤት ውስጥ፣ ሳሉ ዛፍ ሥር፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብን።

«እንግዲያው እግር እንሥራለት» አልኩት።

ደስ ብሎት ዋንዛውን መርጦ፣ እግሮቹን ረጃጅም አድርጎ ጠረባቸው፤ ከሥር በጎማ ፈንታ ኩሽኔታ ገጠመላቸው። «ይሄ ማጣሪያ ነው ወይስ ሙሽራ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዝም በይ፣ ሲሄድ ታያለሽ» አለ። ሲሚንቶው ላይ እውነትም ሄደ። ደጃፉን እንደተሻገረ ኩሽኔታዎቹ አሸዋ ውስጥ ሰመጡና ሙሽራው ወደ ፊት አዘነበለ፤ ሁለታችን ተንጠልጥለን ያዝነው። እየተነጫነጨ እግሮቹን ቆረጣቸው። መቆሚያውን ዝቅና ሰፋ አድርጎ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ የለመንናቸውን አሮጌ የልጆች ብስክሌት ጎማዎች ገጠመለት። አሁን በአንድ እጅ የሚገፋ ሆነ።

ሳሉ ግን ባሰበት። ነገሩ ቢገርመኝ ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየሁት። ምን ባይ ጥሩ ነው? በዚህ ሙቀት ቬንትሌተር አይቶ ፊቱን የማይሰጥ የሮቢት ሰው የለምና፣ የሚነፋውን ወገን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ይልጋል! አቧራው ወደ ማጣሪያው መግባቱ ቀርቶ እፊቱ ላይ ይጨፍራል። «አንተ ሰው፣ ይሄ ለሳንባህ እንጂ ለላብህ አልመጣም!» ብዬ ጮኼ ማጣሪያውን አዞርኩት። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ማጣሪያው እንደገና ወደ እሱ ዞሮ ጠበቀኝ።

ምክር ካልሠራ ቫርኒሽ ይሥራ አልኩ። የቀባኋቸውን ወንበሮች ሁሉ በሚነፋው በኩል ደረደርኳቸው። ነፋሱ አቧራ ስለሌለው እነሱም አምረው ደረቁ፤ እርጥብ ቫርኒሼን የነካ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ባለቤቴ ያውቃል። ጠረጴዛው በሚስበው በኩል ቀረ። ጥላው በዞረ ቁጥር እሱ ጠረጴዛውን ተሸክሞ፣ እኔ ማጣሪያውን ገፍቼ፣ ወንበሮቹን አስከትለን ስንሄድ ላየን ሰው ቤት የምንለቅ እንመስል ነበር።

አንድ ቀን የእድራችን ዳኛ ያዘዙትን ወንበር ሊያዩ መጡ። ነጭ ሱሪ ለብሰዋል፤ በላብ ተጠምቀዋል። «እስቲ ከነፋሱ ልቋደስ» ሲሉ ከጓዳ ሰማሁና፣ «ጋሼ፣ እንዳይቀመጡ!» እያልኩ ብሮጥ ተቀምጠዋል። ደንግጠው ብድግ ሲሉ ወንበሩ አብሯቸው ተነሳ። ዞር ብለው አዩትና፣ «እንግዲህ የእኔ ይሄኛው ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ» አሉ።

ባለቤቴ መላጊያውን ጥሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ዓመት ሁሉ ሳቁ በሳል ነበር የሚያልቀው፤ ሳሉ ሲመጣ ልደግፈው እጄን ዘርግቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሳቁን ጨረሰ፤ ሳሉ አልመጣም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «ምን ሆነሻል? እጅሽን ምን ዘረጋሽው?» አለኝ።

«ልመታህ ነበር» አልኩትና ሰው ፊት አለቀስኩ።