ዘግይቶ አርብ ገበያ የደረሰ ወሬ

ዓርብ፣ ንጋት — ደብረ ታቦር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤዋለሁ።

«ለገበያ ነው፣ እትዬ?» አለኝ ሹፌሩ።

«አይ፣ ለእህቴ ወሬ ይዤ ነው።»

«ስልክ የላትም?»

«አላት።»

ሞተሩን አስነሳ።

ረፋድ — ንፋስ መውጫ

ጉናን በቀኝ ትተነው መጣን፤ ጭጋግ፣ ታርሶ ዝናብ የሚጠብቅ ማሳ፣ ጥማድ በሬ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ። ስለ መንገዱ ውበት ብቻ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ንፋስ መውጫ ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ እህቴ ወደምትኖርበት አርብ ገበያ የሚሄደውን መኪና እጠብቃለሁ።

እናታችን በጡት ካንሰር ሞታለች፤ አክስታችንም። እኔን ሲይዘኝ አዲስ አበባ አንድ ጡቴ ተቆርጦ ተረፍኩ። ደሜ ውጭ አገር ተልኮ ሲመረመር ሕመሙ በዘር የሚወርድ ሆኖ ተገኘ። የምታማክረኝ ባለሙያ የቤታችንን ሴቶች ወረቀት ላይ በክብ በክብ ሣለቻቸው። የእናቴን፣ የአክስቴንና የእኔን ክብ አጠቆረችው። እህቴ ጋ ስትደርስ የጥያቄ ምልክት አደረገች።

«የመውረሷ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ቶሎ ንገሪያት፤ ሳትታመም ክትትል መጀመር ትችላለች» አለችኝ።

ይህ አምና ሐምሌ ነው፤ አሁን ሚያዝያ ገብቷል። መጀመሪያ ክረምት ነው አልኩ። ቀጥዬ መንገድ ተዘጋ አልኩ፤ ተዘግቶም ነበር፣ ግን ሁለት ወር ብቻ። በስልክ አይነገርም አልኩ። እውነቱ ፍርሃት ነው። በደወልኩ ቁጥር «ደኅና ነኝ» ትለኛለች። ያንን ቃል ከአፏ የምነጥቃት እኔ መሆን አልፈለግሁም።

ከሰዓት — አርብ ገበያ

እህቴ ጥሩዬ ባቄላ ስትሰፍር አገኘኋት። ከስታለች። አህዮች፣ የገብስ ጆንያ፣ የቆዳ ሽታ መሀል አቅፋ ሳመችኝ፤ ያቀፈኝ ግን አንዱ ክንዷ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ቤቷ ገብተን ልጇ ውባለም ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ነገርኳት። ስለ ደሙ፣ ስለ ክቦቹ።

«ግማሽ በግማሽ ማለት እንደ ዕጣ ነው?»

«እንደ ዕጣ ነው፣ እቴ።»

እጄን ይዛ ከቀሚሷ ሥር ጡቷ ላይ አኖረችው። ሎሚ የሚያህል፣ እንደ ጓል የደረቀ ነገር።

«እንግዲህ ዕጣው ወጥቷል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስቀል ወዲህ። ቅጠል አሰርኩበት፤ ጠበልም ገባሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በአንቺ ሕመም ላይ ሌላ ልጨምርብሽ? እስክትጠነክሪ ብዬ ነው።» ቀሚሷን አስተካከለችና፣ «አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«ሐምሌ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም።

«ሐምሌ ምንም አልነበረኝም» አለች።

ተነሥታ ምሳ አቀረበችልኝ። አንድም ጊዜ አላጎረሰችኝም።

እሑድ — ወደ ባሕር ዳር

አብረን ተሳፈርን። መስኮቱን እሷ ያዘች። ጋይንትን ጨርሰን፣ ጉናን አልፈን፣ ፎገራ ሜዳ ላይ እስክንወርድ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ሙቀቱ ሲጀምር ጋቢዋን አወለቀች፤ ልቀበላት ስል ራሷ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ሰኞ — ባሕር ዳር

የሆስፒታሉ ነርስ ካርድ እየሞላች፣ «ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ሕመም የያዘው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ጥሩዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እሷን ጠይቂያት። እሷ ታውቃለች።»

ተናገርኩ፤ ነርሷ ጻፈች። ሐኪሙ ጡቷን ዳሰሰ፣ ብብቷን ዳሰሰ፣ እዚያ ላይ እጁ ቆየ። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ፊቱን ግን ሁለታችንም አይተናል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን።

«ውባለምንም ያገኛታል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ካንቺ ከወረሰች። ለእሷም ግማሽ በግማሽ ነው። አሁን ተመልሰን እኔ ላስረዳት እችላለሁ፤ እንዴት እንደሚነገር ከአማካሪዋ አይቻለሁ…»

«ተይ» አለች። «ለልጄ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ታዘገይባታለሽ።»