የአዴ ዘይነባ ላፕቶፕና ሦስቱ ጠባቂዎች

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ጌታሁን የሰጡኝ መሣሪያ የቀለም ቡሩሽ ነበር። በኮምፒውተር ጥገና ተመርቄ ስለመጣሁ ቢያንስ ካቻቢቴ ያስጨብጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የአንድ ቡና ነጋዴ ኮምፒውተር ከፍተው "ጥረጊው" አሉኝ። ውስጡ የቡና ገለባ ብናኝ ሞልቶት ማራገቢያው መዞር አቅቶታል። ጠርጌ ስጨርስ ተነሣ። እኔ ምንም የጠገንኩ አልመሰለኝም፤ ነጋዴው ግን መርቆኝ ሄደ።

ሱቃችን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነበር፤ ሁለት ጠባብ ክፍል። አቶ ጌታሁን ከኮምፒውተር በፊት ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ደንበኛ ሲያወራ አያቋርጡም። እኔ ደግሞ ገና ሳይጨርስ መልስ የምሰጥ ችኩል ነበርኩ፤ በጠረጴዛው ሥር እግሬን በእግራቸው ነካ እያደረጉ ዝም ያሰኙኛል።

ዘመኑ ኢሕአዴግ ለየወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ያደለበት ነው። ኮምፒውተሩ ደረሰ እንጂ ኢንተርኔቱ አልደረሰም። ስለዚህ ሪፖርት የሚጓዘው በፍላሽ ነበር። ከሊሙ ገነት የተነሣች ፍላሽ በየቢሮው እየተሰካች ጅማ ስትገባ የሁሉንም ጉንፋን ይዛ ነው። ከሥራችን ግማሹ ቫይረስ ማጽዳት ሆነ።

አንቲቫይረስ ደግሞ ካልታደሰ አዲሱን ቫይረስ አያውቀውም። እኛ ማደሻውን ፋይል ጠዋት ማውረድ እንጀምራለን፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ከሰዓት ያልቃል። ለከተማው ደንበኛ ሱቅ ሲመጣ እንሰጠዋለን። በጅማ ዙሪያ ላሉት ከተሞች፣ ለሰቃና ለሰርቦው፣ ግን ፍላሹን በወረቀት ጠቅልለን፣ ስም ጽፈን፣ ለሚኒባስ ሾፌር እንሰጣለን። ሾፌሮቹ መድኃኒት ነው የሚሉት፤ "የሰርቦ መድኃኒት የለም ዛሬ?" ብለው በመስኮት ይጠይቁናል።

አዴ ዘይነባ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሰርቦ የሚያስተምሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አዲስ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው፣ የስክሪኑን ፕላስቲክ እንኳ ሳያነሡ ይዘው መጡ። ገና የተገዛ ዕቃ ነው፤ ግን ለመነሣት ያቃስታል፣ አንድ ፎልደር እስኪከፍት ደግሞ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል።

ከፍቼ ሳየው ሦስት አንቲቫይረስ ተጭኖበታል። አንደኛው ሁለተኛውን ቫይረስ ነህ እያለ ይይዘዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያሳድዳል። ማን እንደጫነው ጠየቅኳቸው። አንዱን የትምህርት ቤታቸው ርእሰ መምህር፣ አንዱን የባላቸው ወንድም፣ አንዱን ጎረቤታቸው በየፍላሻቸው አምጥተው ነው የጫኑት። ሦስቱም የእኔ ይሻላል ብለዋል፤ ሦስቱም በየጊዜው "የእኔ እየሠራ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አዴ ዘይነባ የማንንም ማጥፋት አልቻሉም። ይሉኝታ ላፕቶፕ ሲያንቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ልስቅ ስል የአቶ ጌታሁን እግር ነካኝ። "ምን እንዲጠበቅልዎ ነው የፈለጉት?" ብለው ጠየቋቸው።

አዴ ዘይነባ የመሐረባቸውን ጫፍ ፈቱ። ከውስጡ የሞባይል ሚሞሪ ካርድ ወጣ። ባላቸው መምህር ነዚፍ ጅማ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ማታ ማታ ሰርቦ ለቀረችው ሕፃን ልጃቸው ለሐያት በስልካቸው ድምጻቸውን ይቀዱላት ነበር። እሳቸው ሲያልፉ ሐያት ገና በእግሯ መሄድ አልጀመረችም ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ ድምጹን በሌላ ቦታም ላስቀምጥ ብለው ካርዱን የትምህርት ቤቱ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ከዚያ ወዲህ ፎልደሩ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

"ላፕቶፑን የገዛሁት ለዚህ ነው" አሉ። "ግን ልሰካው ፈራሁ። ቫይረሱ ያጠፋዋል፤ ቫይረሱ ቢተወው ደግሞ የሚጠብቁት ያጠፉታል።"

ፍርሃታቸው ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን የታወቀ ቫይረስ ነበር፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው የውሸት አቋራጭ፣ ሾርትከት የሚባለውን፣ ያስቀምጣል። ሱቃችን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ያልተገናኘ፣ ያ ቫይረስ የማይሠራበት ሌላ ሲስተም የጫንበት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ካርዱን እዚያ ላይ ሰካሁት። የተደበቀው ፎልደር ታየ፤ የድምጽ ፋይሎቹ በተርታ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ገልብጬ ካርዱን ለአዴ ዘይነባ መለስኩላቸው።

ቀጥሎ በቅጂው ላይ ሦስቱን ጠባቂዎች በየተራ ፈተንናቸው። የርእሰ መምህሩ በጣም ጠንካራ የሚባለው ነው። ሳይጠይቅ የውሸቱን አቋራጭ ሰረዘው፤ የተደበቀውን ፎልደር ግን አላወጣውም። ስለዚህ ሲከፈት ባዶ መሰለ። ባዶ ካርድ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ፎርማት፣ ማለትም ሁሉንም መደምሰስ ነው፤ ስንቱ የሠርግ ፎቶውን እንደዚያ አጥቷል። የጎረቤቱ ደግሞ ሳይከፈልበት ፈቃዱ ተሰብሮ የተባዛ ነበር፤ የሰበረው ፋይል ራሱ ቫይረስ ይዟል።

የባላቸው ወንድም ያመጣው ነጻና ቀለል ያለ ነው። የጠረጠረውን ለብቻው ያስቀምጥና ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከፋይል መታደስም ይችላል፤ ኢንተርኔት ለሌለበት ለሰርቦ ዋናው ነገር ይኼ ነበር። እሱን መረጥን።

አዴ ዘይነባ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ርእሰ መምህሩንና ጎረቤታቸውን ምን ሊሏቸው ነው?

አቶ ጌታሁን ጥቂት አሰቡና "በእኛ ያመካኙ" አሏቸው። "ጅማ ያሉት ሰዎች ናቸው ያጠፉት፣ እምቢ ብላቸው አልሰማ አሉኝ ይበሉ። እኛ እንሰደብ፤ ሩቅ ነን፣ አንሰማም።"

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቁት። ሁለቱን ከነሥራቸው ነቅዬ፣ አንዱን አድሼ፣ ድምጾቹን ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ። ትክክለኛዎቹ መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ አንዱን ከፈትኩላቸው። የሰውዬው ድምጽ ደከም ብሎ "ሐያት" አለ። አዴ ዘይነባ እጄን ያዙኝ።

"ይብቃ ልጄ" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። የቀረውን ከእሷ ጋር ነው የምሰማው።"

ከዚያ በኋላ ማደሻቸውን በሚኒባስ እንልክላቸዋለን ብለን ነበር። ነገር ግን ሳምንቱ ሲደርስ ራሳቸው መጡ። አንድ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ነገሩን አጫወቱን።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሐያትን አጠገባቸው አስቀምጠው ላፕቶፑን ከፈቱ። መምህር ነዚፍ በኦሮምኛ ስሟን ይጠራሉ፤ ቀጥለው ራት በልተሻል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዝም ይላሉ። ሐያት በዝምታው መሀል "ኤዬ፣ አባ" አለች፤ አዎ፣ አባ። አልበቃትም፤ ተነሥታ የበላችበትን ሳህን አምጥታ ባዶ መሆኑን ለላፕቶፑ አሳየች።

አቶ ጌታሁን የሚፈልጉት ዕቃ ያለ አስመስለው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። እኔ አለቀስኩ። አዴ ዘይነባ አላለቀሱም። ፍላሻቸውን ተቀብለው፣ ለልጅቷ ምሳ መድረስ አለብኝ ብለው ሄዱ።

አሁን በሥራው ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ወጣት ጠጋኞች አዲስ ላፕቶፕ ላይ የቱን አንቲቫይረስ እንጫን እያሉ ይጠይቁኛል። አንድ ብቻ ጫኑ። ሳይጠይቅ የማይሰርዝ፣ ደንበኛው ባለበት ቦታ ሊታደስ የሚችል ይሁን። የቱ እንደሆነ ግን እኔም አስቀድሜ አላውቅም፤ የምመርጠው ባለቤቱ ማጣት የማይፈልገውን ከነገረኝ በኋላ ነው።